የደም ውጤት ድንበር ሲሻገር፦ ላቦራቶሪን በምን እናምነዋለን?

በጃንዋሪ 2020 መጨረሻ ላይ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከቻይና አዲስ አበባ የገቡና በኮሮና ቫይረስ የተጠረጠሩ ተጓዦች በለይቶ ማቆያ ሆነው ውጤት ይጠባበቁ ነበር። ናሙናቸው ግን አዲስ አበባ አልነበረም፤ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልኮ ነበር። በዚያ ሰሞን በአህጉሩ ይህን ምርመራ ለመሥራት የተዘጋጁት ሁለት ላቦራቶሪዎች ነበሩ፦ አንዱ ዳካር የሚገኘው የፓስተር ኢንስቲትዩት፣ ሁለተኛው እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ሳንድሪንግሃም የሚገኘው ብሔራዊ የተላላፊ በሽታዎች ኢንስቲትዩት። ውጤቱ ነጻ ናቸው የሚል ሆኖ ተመለሰ። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ምርመራውን ራሱ መሥራት ጀመረ።

በዚህ ታሪክ የሚገርመኝ ፍጥነቱ አይደለም። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም አይቶት በማያውቀው ማሽን፣ ስሙን በማያውቀው ባለሙያ የተሠራን ውጤት ተቀብሎ በሰው ጤና ላይ ይወስናል። በምን ተማምኖ? ላቦራቶሪ ውስጥ ገብቶ አላየ፣ ባለሙያዎቹን አልፈተነ። ሌላ ሰው አይቶለት፣ ፈትኖለት መሆን አለበት። ያ «ሌላ ሰው» የሚሠራው ሥራ አክሬዲቴሽን ይባላል።

እኔ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፣ የላቦራቶሪ አይደለሁም። ታዲያ ነርስ በዚህ ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረጋት የምትሉ ካላችሁ፣ መልሱን ወደ መካከሉ ታገኙታላችሁ።

ሰርተፊኬትና አክሬዲቴሽን አንድ አይደሉም

ብዙ ሰው የሚያደናግረው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ክፍል ውስጥ ስማር ያየሁት ይህንኑ ነው። አንድ ድርጅት አይ.ኤስ.ኦ 9001 አለኝ ብሎ ግድግዳው ላይ ሊሰቅል ይችላል። ያ የሚለው «ሥራችንን በሥርዓት እንመራለን፣ መዝገብ እንይዛለን፣ ቅሬታ እንቀበላለን» ነው። ስኳርን በትክክል መለካት ይችላል አይልም። ዳቦ ቤትም፣ የጉዞ ወኪልም፣ ላቦራቶሪም ይህን ሰርተፊኬት ሊያገኝ ይችላል።

አክሬዲቴሽን ከዚህ ያልፋል። ይህ ላቦራቶሪ ይህን ምርመራ፣ በዚህ ዘዴ፣ በዚህ መሣሪያ ሲሠራ ብቃት አለው ይላል። ስለዚህ አክሬዲቴሽን የሚሰጠው ለሕንፃው አይደለም፣ ለተዘረዘሩ ምርመራዎች ነው። ዝርዝሩ «ስኮፕ» ይባላል። አንድ ላቦራቶሪ በኤች.አይ.ቪ የቫይረስ መጠን ምርመራ አክሬዲትድ ሆኖ፣ በዚያው ኮሪደር የሚሠራው የኩላሊት ምርመራ ግን ከዝርዝሩ ውጪ ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያው ላይ «አክሬዲትድ ላቦራቶሪ» ብቻ ከተጻፈ፣ በየትኛው ምርመራ ብሎ መጠየቅ መብታችን ነው።

ደረጃዎቹ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አይ.ኤስ.ኦ/አይ.ኢ.ሲ 17025 የፍተሻና የካሊብሬሽን ላቦራቶሪዎችን ይመለከታል፤ በ1999 ወጥቶ በ2005 እና በ2017 ታድሷል። ውሃ፣ ሲሚንቶ፣ ቡና፣ ሚዛን፣ ቴርሞሜትር በዚህ ይዳኛሉ። አይ.ኤስ.ኦ 15189 ደግሞ የሕክምና ላቦራቶሪዎች ነው፤ የመጀመሪያው በ2003፣ የቅርቡ በዲሴምበር 2022 ወጣ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሚለየው ከናሙናው ጀርባ ታማሚ እንዳለ ስለማይረሳ ነው።

ሁለቱ ደረጃዎች በአንድ ታሪክ ውስጥ ሲገናኙ ለማየት ከጆሃንስበርግ መውጣት አያስፈልግም። በ2017 እና በ2018 ደቡብ አፍሪካ በዓለም ከተመዘገቡት ሁሉ የከፋ የሊስቴሪያ ወረርሽኝ ደረሰባት፦ 1,060 የተረጋገጡ ታማሚዎች፣ ከ200 በላይ ሟቾች። ምንጩ ለወራት አልታወቀም። በጃንዋሪ 2018 ከሶዌቶ አንድ የሕፃናት ማቆያ ዘጠኝ ልጆች በትውከትና በተቅማጥ ክሪስ ሃኒ ባራግዋናት ሆስፒታል ገቡ። ከአንዱ ልጅ ሰገራ ላይ ሊስቴሪያ ተገኘ። የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ወደ ማቆያው ሄደው ማቀዝቀዣ ውስጥ የነበረውን ፖሎኒ ናሙና ወሰዱ። ከዚያ ክሩ ወደ ፖሎክዋኔ ፋብሪካ መራ፤ ማርች 4 ቀን 2018 የጤና ሚኒስትሩ አሮን ሞትሶአሌዲ ምንጩን ለሕዝብ አሳወቁ።

የልጁ ሰገራ የ15189 ጉዳይ ነው፤ ፖሎኒው የ17025። ሁለት ዓይነት ላቦራቶሪ፣ ሁለት ዓይነት ናሙና፣ መጨረሻ ላይ ግን ባክቴሪያው አንድ ዓይነት መሆኑን በዘረ መል ማነጻጸር ነበረባቸው። በዚህ ውጤት ላይ ተመሥርቶ ፋብሪካ ይዘጋል፣ ዕቃ ከመደርደሪያ ይሰበሰባል፣ ጠበቆች ይነሳሉ። «ማሽናችሁ መቼ ተፈተሸ? ናሙናውን ማን ነካው?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። መልሱ ቀድሞ ተጽፎ ካልተቀመጠ፣ እውነት የሆነ ውጤትም ፍርድ ቤት ላይ ይወድቃል።

ገምጋሚው ሲመጣ

በደቡብ አፍሪካ አክሬዲቴሽን የሚሰጠው ፕሪቶሪያ የሚገኘው የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ አክሬዲቴሽን ሥርዓት፣ በአጭሩ ሳናስ ነው። በ1996 ተቋቋመ፣ በ2006 በወጣው ሕግ ደግሞ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። እሱ የሚልካቸው ገምጋሚዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ሥርዓቱን የሚያየው መሪ ገምጋሚና ሙያውን የሚያውቁ ቴክኒክ ገምጋሚዎች። የደም ባንክን የደም ባንክ ሰው ይገመግመዋል። ይህ መልካም ነው፤ ሥራውን ያልሠራ ሰው በወረቀት ብቻ አይፈርድም።

ከዘዴዎቻቸው ሁሉ እኔ የምወደው አንድ ውጤት መርጦ ወደኋላ መሄድን ነው። ገምጋሚው ከሦስት ወር በፊት የወጣ አንድ የፖታሲየም ውጤት ያነሳል። ማን አጸደቀው? ያ ሰው ለዚህ ሥራ ብቁ መሆኑ የት ተመዘገበ? በዚያ ጠዋት የቁጥጥር ናሙናው ስንት አነበበ? የኬሚካሉ ዕጣ ቁጥር ስንት ነበር፣ ማቀዝቀዣውስ በዚያ ሌሊት ስንት ዲግሪ ነበር? ናሙናው ስንት ሰዓት ደረሰ? ስንት ሰዓት ተወሰደ? ማን ወሰደው?

እዚህ ላይ ሰንሰለቱ ከላቦራቶሪው በር ወጥቶ ዎርድ ውስጥ ይገባል። የወሰደችው ነርስ ናት።

ፖታሲየም ጥሩ ምሳሌ ነው። ሐምራዊ ክዳን ያለው ቱቦ ኢ.ዲ.ቲ.ኤ የሚባል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ጨው አለው፤ ጨውም ፖታሲየም ይዟል። ነርሷ መጀመሪያ ሐምራዊውን ሞልታ ከእሱ ወደ ቢጫው ቱቦ ብታጋባ፣ ወይም ቅደም ተከተሉን ብትገለብጠው፣ ፖታሲየሙ ውሸት ይጨምራል፣ ካልሲየሙ ውሸት ይቀንሳል። ክንዱን አጥብቃ አስራ ብዙ ብታቆይ፣ ወይም በቀጭን መርፌ በኃይል ብትስብ ቀይ ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ፤ አሁንም ፖታሲየም ይጨምራል። የስኳር ናሙና ደግሞ ግራጫው ቱቦ ውስጥ ሳይገባ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሕዋሳቱ ስኳሩን ይበሉታል፤ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ማሽኑ በሚሊዮን ራንድ የተገዛ ይሁን፣ ግድግዳው ላይ የሳናስ ምልክት ይሰቀል፣ የተሰጠውን ናሙና ነው በትክክል የሚለካው። በትክክል የተለካ የተበላሸ ደም ከሁሉ የከፋ ነው፤ ማንም አይጠራጠረውም።

ለዚህ ነው 15189 ስለ ናሙና አወሳሰድ መመሪያ፣ ስለ ታማሚ ማንነት ማረጋገጥ፣ ተቀባይነት ስለሌለው ናሙና አመላለስ የሚደነግገው። ላቦራቶሪው ናሙናችንን ሲመልስብን የምናጉረመርም ነርሶች አለን። እኔ ግን የሚመልስ ላቦራቶሪን አምናለሁ፤ ሁሉን የሚቀበል ያስፈራኛል። የ2022ቱ ዕትም ከዚህም አልፎ በአልጋ አጠገብ የሚደረጉ ምርመራዎችን (ጣት ተወግቶ የሚለካውን ስኳር ጭምር) ወደ ራሱ ጠቅልሏል። ስለዚህ ዎርድ ያለችው ግሉኮሜትር የሆነ ሰው ኃላፊነት ናት፤ የቁጥጥር ፈሳሹ ተፈትሾ ሊመዘገብ ይገባል።

ካሊብሬሽን ማስተካከል ማለት አይደለም

በአማርኛ «ካሊብሬት አደረግነው» ሲባል ብዙ ጊዜ «አስተካከልነው» ማለት ይመስላል። ትርጉሙ ሌላ ነው። መሣሪያውን ልኩ ከሚታወቅ ሌላ ነገር ጋር አወዳድሮ ልዩነቱን መጻፍ ነው። የክትባት ማቀዝቀዣን አስቡ፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት። ቴርሞሜትሩ 3 ያነባል፣ ነርሷም መዝገቡ ላይ 3 ትጽፋለች። ቴርሞሜትሩ ግን 4 ዲግሪ አብልጦ የሚያነብ ከሆነ ውስጡ ከዜሮ በታች ነው፤ ቅዝቃዜ የማይወዱ ክትባቶች ቀዝቅዘው ሞተዋል ማለት ነው። መዝገቡ ንጹሕ ነው፣ ፊርማውም አለ፣ ልጆቹ ግን አልተከተቡም። የካሊብሬሽን ወረቀቱ «ይህ ቴርሞሜትር 4 ዲግሪ ያበዛል» ቢል ኖሮ እንጥለው ነበር፣ ወይም እየቀነስን እናነብ ነበር።

ያ ማወዳደሪያ ቴርሞሜትርስ በምን ተወዳደረ? ከእሱ በበለጠ ትክክለኛ በሆነ። ያኛውስ? እንዲህ እያለ እስከ ሀገሪቱ ብሔራዊ የሥነ ልክ ተቋም ይደርሳል፤ እዚህ ፕሪቶሪያ ነው፣ ኢትዮጵያም የራሷ የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት አላት። ከዚያ ወደ ዓለም አቀፍ መለኪያዎች። የዘር ሐረግ እንደመቁጠር ነው፤ ሰባት ቤት ድረስ ተቆጥሮ የማይቋረጥ ልኬት ይታመናል። በእያንዳንዱ ትውልድ ግን ትንሽ ጥርጣሬ ይጨመራል፣ ጥርጣሬውም በቁጥር ይጻፋል።

ይህን ጥርጣሬ ለማስረዳት አክስቴን ላስቸግር። ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጣች፤ የስኳር ታማሚ ናት። ወረቀቶቿን በፌስታል ጠቅልላ ነው የምትዞረው። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ አዲስ አበባ 8.2 በመቶ ነበር። እዚህ በሳምንቱ ተሠርቶ 7.9 ወጣ። «ወረደልኝ! አብሹ ነው!» ብላ ዕልል ልትል ምንም አልቀራት። ስትነሳ ጀምሮ የተዘፈዘፈ አብሽ በባዶ ሆዷ ትጠጣ ነበር።

አብሹን አልነካሁባትም። ስሌቱ ግን እንዲህ ነው። አንድ ላቦራቶሪ ያንኑ ደም ደጋግሞ ሲለካ ውጤቱ በ2 በመቶ ገደማ ይዋዥቃል እንበል፤ ለዚህ ምርመራ መጥፎ አይደለም። የ8.2 ሁለት በመቶ 0.16 ነው። በሁለት ስናባዛው 0.33፤ ስለዚህ 8.2 ማለት ከ7.9 እስከ 8.5 ባለው መካከል የሆነ ቦታ ማለት ነው። ሁለት ልኬቶችን ስናወዳድር ደግሞ የሁለቱም መዋዠቅ ይደመራል፤ በ8.2 ዙሪያ ልዩነቱ ከ0.45 ገደማ ካልበለጠ በእርግጥ ተለውጧል ማለት አንችልም። የአክስቴ ልዩነት 0.3 ነው። ሐኪሟም መድኃኒቱን አልቀነሰም። ቀንሶ ቢሆን ኖሮ ያከመው አክስቴን ሳይሆን የማሽኖቹን መዋዠቅ ነበር።

መልካሙ ነገር ሁለቱ ቁጥሮች ለመወዳደር መብቃታቸው ነው። በ1993 ይፋ የሆነው ትልቁ የአሜሪካና የካናዳ የስኳር ጥናት ውጤት ከወጣ በኋላ፣ ከ1996 ጀምሮ የኤዋንሲ ማሽኖችን ከአንድ ማጣቀሻ ጋር የሚያስተሳስር ፕሮግራም ተጀመረ። ከዚያ በፊት ያንኑ ደም ሁለት ላቦራቶሪ ብትልኩት በጣም የተራራቀ ቁጥር ሊመጣላችሁ ይችል ነበር።

አዲስ አበባስ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ቀድሞ አንድ የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ነበር፤ ደረጃውን ያወጣል፣ ዕቃውን ይፈትሻል፣ ምስክር ወረቀትም ይሰጣል። ፈራጁም ምስክሩም አንድ ሰው ሲሆን ማለት ነው። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ሥራው ለአራት ተከፈለ፦ ደረጃዎችን የሚያወጣ፣ ልኬትን የሚጠብቅ፣ የሚፈትሽና የሚመዝን፣ አክሬዲቴሽን የሚሰጥ። የመጨረሻው ዛሬ የኢትዮጵያ አክሬዲቴሽን አገልግሎት ይባላል።

ይህ የቢሮ ማሸጋሸግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በተላከ ቡና ላይ ከፈቀደችው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘች፤ ለጃፓን የሚላከው ቡና በእጅጉ አሽቆለቆለ። ሻጩ «የእኔ ቡና ንጹሕ ነው» ቢል ገዢው የሚጠይቀው የፍተሻ ወረቀት ነው፣ ወረቀቱንም ማን አመነው ይላል። ለዚህ ጥያቄ የተበጀው መልስ ኢላክ የተባለው የዓለም አክሬዲቴሽን ሰጪዎች ትብብር ነበር። በኖቬምበር 2000 ዋሺንግተን ላይ ሳናስን ጨምሮ የ28 ኢኮኖሚዎች 36 ተቋማት «እናንተ ያመናችሁትን ላቦራቶሪ እኛም እናምናለን» ብለው ተፈራረሙ። ለመግባት ግን ሌሎች አባላት መጥተው አንተኑ ይገመግሙሃል። ገምጋሚውም ይገመገማል። የኢትዮጵያውም ተቋም በዚህ ስምምነት ውስጥ ገብቷል።

በሕክምናው በኩል አፍሪካ የራሷን መሰላል ሠርታለች። በጃንዋሪ 2008 የማፑቶ መግለጫ ወጣ፣ በ2009 ደግሞ ኪጋሊ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቢሮ በኮከብ የሚመዝን ደረጃ በደረጃ አሠራር ይፋ አደረገ። ከ55 በመቶ በታች ያገኘ ዜሮ ኮከብ፣ 95 እና ከዚያ በላይ ያገኘ አምስት ኮከብ። ከሆቴል የተቀዳ ቢመስልም ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ከገጠር ሆስፒታል የመጣን ላቦራቶሪ በአንድ ቀን 15189 አሟላ ከማለት፣ ዘንድሮ ሁለት ኮከብ ነህ፣ ለከርሞ ሦስት አድርገው ይባላል። ይህን ሥራ የሚያግዘው የአፍሪካ የላቦራቶሪ ሕክምና ማኅበር በ2011 የተመሠረተው አዲስ አበባ ነው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱም እዚያው ነው።

የሚያሳስበኝ ገንዘቡ ነው። የአፍሪካ ላቦራቶሪዎች የጥራት ሥራ አብዛኛው በኤች.አይ.ቪ ዕርዳታ ላይ የቆመ ነበር፤ የኮከቡ ሥልጠና ራሱ የተቀረጸው በአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል እገዛ ነው። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ በድንገት ሲታገድ ይህ ሁሉ ነፋስ ላይ ወጣ። አክሬዲቴሽን አንዴ ተገኝቶ የሚቀመጥ ዲግሪ አይደለም፤ ዑደቱ ቢበዛ አምስት ዓመት ነው፣ በመካከሉም ጉብኝት አለ፣ ክፍያም አለ፣ ከውጭ የሚላክ የማይታወቅ የፈተና ናሙናም በየጊዜው መሠራት አለበት። ከዚህ ሁሉ በፊት የሚቀነሰው የፈተና ናሙናው ይመስለኛል፤ ባይኖር ማንም ወዲያው አይታመምምና።

ኮምፒውተሩ ሲጠፋ

ወደ ጆሃንስበርግ ልመለስ። የመንግሥት ሆስፒታሎችን ደም የሚመረምረው የብሔራዊ ጤና ላቦራቶሪ አገልግሎት ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ሳንድሪንግሃም ነው። ጁን 22 ቀን 2024 በሳይበር ጥቃት ተመታ፤ አጥቂዎቹ መጠባበቂያ ቅጂውን ጭምር አጠፉ። ማሽኖቹ ይሠሩ ነበር፤ ውጤቱ ግን ወደ ዎርድ የሚሄድበት መንገድ ተዘጋ። አስቸኳይ ውጤቶች በስልክ ይነገሩ ጀመር።

15189 ለእንዲህ ያለ ቀን ዕቅድ ይኑራችሁ፣ ዕቅዱንም ሞክሩት ይላል። በእኛ በኩል ያለው ሥራ ግን አንድ ነው፦ በስልክ የተነገረውን ጽፎ መልሶ ማንበብ። «የታማሚ ቁጥር ይህ፣ ፖታሲየም 6.8፣ ትክክል ነኝ?» አሥራ አምስትና ሃምሳ በእንግሊዝኛ ሲነገሩ በተጨናነቀ ዎርድ ውስጥ ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ዙሉ፣ ሶቶ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ በሚነገርበት ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቃል። እኛ የምንማረው ቁጥሩን አንድ በአንድ «አንድ፣ አምስት» እያልን እንድናነብ ነው።

ለክረምት አዲስ አበባ ሄዳችሁ ለምትመረመሩ፣ ወይም የወላጅ ወረቀት ይዛችሁ ለምትመለሱ፣ ወረቀቱ ላይ የምትፈልጉት ይህን ነው። የአክሬዲቴሽኑ ምልክትና ቁጥር አለ? ቁጥሩን ይዛችሁ በሰጪው ድረ ገጽ ላይ ስኮፑን ማየት ይቻላል፤ ሳናስም ያወጣዋል። ከስኮፑ ውጪ የሆነ ምርመራ ምልክት ሊደረግበት ይገባል። ናሙናው የተወሰደበት ሰዓትና የተሠራበት ሰዓት ተለይተው ተጽፈዋል? መለኪያውስ? ኢትዮጵያ ስኳር በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፣ ደቡብ አፍሪካ በሚሊሞል በሊትር፤ የአዲስ አበባውን ለ18 ስታካፍሉት የጆሃንስበርጉ ይመጣል፣ 126 ማለት 7 ነው። ኤዋንሲ ደግሞ በሁለት መልክ ይጻፋል፣ 7 በመቶ እና 53 ሚሊሞል በሞል አንድ ናቸው። 53 የሚል ወረቀት ያየ ሰው ደንግጦ ከመደወሉ በፊት ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን ያንብብ።